በሰያፍ የተቆረጠች ቅጠል

ለባለቤቴ ለስንዱ፣

ስንድዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ ብዬ አልጀምርም። ያለሽበት ቦታ ደህና እንደሆነ ቄሱም፣ ዘመዱም፣ በስልክ የሚያጽናናኝ ሁሉ ነግሮኛል። "እሷስ አርፋለች" ይሉኛል። ማረፍሽን አምኛለሁ፤ ያላረፍኩት እኔ ነኝ። ከተለየሽኝ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ሳን ሆዜ ያለችው ልጃችን ቤዛ ለሙት ዓመትሽ አዳራሽ ስለመከራየት ማውራት ጀምራለች፣ እኔ ግን ገና አንቺን ተቆጥቼ አልጨረስኩም። ሰው ለሞተች ሚስቱ በእንባ ነው የሚጽፈው፤ እኔ የምጽፍልሽ በንዴት ነው። ታውቂኛለሽ፣ እንባ ሲመጣብኝ ቀድሞት የሚደርሰው ንዴት ነው።

አስቀድሜ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። ኦክላንድ እንዳለች አለች። የታችኛው ጎረቤታችን ውሻው ሞቶበት ሌላ አምጥቷል፤ አዲሱ ሌሊቱንም ቀኑንም ይጮኻል፣ የድሮው በስንት ጣዕሙ። ከበራችን ፊት የነበረው የአውቶቡስ ማቆሚያ ወደ ጥጉ ተዛውሯል። እኔ ሰው ወደ ኤርፖርት ማመላለሱን ትቻለሁ፤ ጉልበቴ ፔዳል ላይ እየደነዘዘ አስቸገረኝ። መኪናዋን ግን አልሸጥኳትም። ያንቺ ወንበር፣ የአበባ ጣሳዎችሽን ጭንሽ ላይ ለማስቀመጥ ወደ ኋላ ገፍተሽው እንደነበር፣ እንደዚያው ነው፤ ወደ ፊት አልመለስኩትም። የሳሎኑ መስኮት ባዶ ነው። ድሮ መጋረጃ መዝጋት አያስፈልገንም ነበር፣ አበባሽ ነበር መጋረጃው። አሁን ከመንገዱ ማዶ ያለው ሰው እራቴን ስበላ ቁጭ ብሎ ያየኛል።

ያ መስኮት እንዴት እንደሞላ አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ግን ልጽፈው እፈልጋለሁ፤ ከአንቺ በኋላ የሚያስታውሰው እኔ ብቻ ነኝ። ኩፐርቲኖ ቢሮ ስታጸጂ፣ ከአንዱ ጠረጴዛ ሥር አንዲት የተሰበረች ቅጠል ወድቃ አገኘሽ። የሰዎቹን ዕቃ አትነኪም ነበር፤ ከተክላቸው አንድ ቅጠል እንኳ ቀንጥበሽ አታውቂም። የወደቀ ግን የማንም አይደለም ትይ ነበር። የወደቀ የቆሻሻ ከረጢቱ ነው፣ ከረጢቱ ደግሞ የያዝኩት እኔ ነኝ አልሽኝ። በእርጥብ ናፕኪን ጠቅልለሽ በምሳ ዕቃሽ ውስጥ ይዘሻት መጣሽ። ምሳ ዕቃሽን ስከፍት ወጥ የጠበቅኩት ሰውዬ ቅጠል አገኘሁ።

ከዚያ የመታጠቢያ ቤቱን መሳቢያ በርብረሽ የጺሜን ምላጭ አወጣሽ። የቅጠሏን እግር በሰያፍ ቆረጥሽው። ለምን ቀጥ አድርገሽ አትቆርጪውም ብልሽ፣ ሰያፍ ሲሆን ቁስሉ ይሰፋል፣ ቁስሉ ሲሰፋ ብዙ ልጅ ይወጣዋል አልሽኝ። ይህን ማን እንዳስተማረሽ እስከ ዛሬ አላውቅም። እርጎ በሚሸጥበት ጣሳ ውስጥ ነጭ ነጭ ጠጠር ያለበትን አፈር ሞላሽ፣ እግሯን ቀበርሽ፣ የተከተፈ ሐብሐብ በሚመጣበት የፕላስቲክ ክዳን ከደንሽ፣ አስቀመጥሽ። እኔ ሳቅሁብሽ። ያለ ሥር፣ ያለ ዘር፣ ከአንድ ቅጠል ምን ይወጣል ብዬ ነው። ሳምንታት አለፉ፣ ቅጠሏ አልደረቀችም፣ አላደገችም፣ ዝም ብላ ቆመች። እኔ ረስቻት ስበላ አንድ ቀን ከወጥ ቤት ጠራሽኝ። ከቅጠሏ እግር ሥር የሕፃን ጥፍር የሚያክሉ ቅጠሎች አፈሩን ገፍተው ብቅ ብለዋል። በዚያን ቀን እንደሳቅሽው ሰው ሲስቅ አይቼ አላውቅም።

አበባ ስታወጣ ሐምራዊ ሆነች። ቤዛ ስልኳን አይታ አፍሪካን ቫዮሌት ነው የሚባለው አለችን። አፍሪካ ተወልጄ፣ አፍሪካ አርጅቼ ልጨርስ ምንም ሳይቀረኝ፣ በስደት ሱዳንን በእግሬ አቋርጬ፣ አንድ ቀን አይቼው የማላውቀውን አበባ ካሊፎርኒያ ላይ የአገርህ ልጅ ነው ተባልኩ። እሱ ግን እንደ ዘመድ ገባ ቤታችን። ከአንዷ ሦስት ሆኑ፣ ከሦስቱ መስኮቱን ሞሉት። ምላጮቼ ሁሉ አፈር ነክተው ደነዙ፤ ፊቴን ቆራርጬ ቤተ ክርስቲያን የሄድኩባቸውን ሰንበቶች አንቺ ታስታውሻለሽ። ከሁሉ በላይ ያስጠናሽኝ ግን የውሃውን ነገር ነው። ከላይ አይጠጣም። ቅጠሉ ጠጉራም ነው፤ ውሃ ካረፈበት ይጠቁራል፣ መሐሉ ከራሰ ይበሰብሳል። ሳህኑ ላይ ጥቂት ታፈሺለታለሽ፣ እሱ ከሥሩ ይጠጣል፣ የተረፈውን ትደፊዋለሽ። ይህን እየደጋገምሽ ስትነግሪኝ ለልጅ የምትነግሪ ነበር የምትመስይው፣ እኔም እሺ እሺ እያልኩ ጋዜጣዬን አነብ ነበር። አሁን እንደ ጸሎት በቃሌ እወጣዋለሁ፣ የሚጠጣ ነገር ግን ቤት ውስጥ የለም።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ።

መስጠት ጀመርሽ። ያለወትሮሽ። ጨጓራዬ ነው ማለት የጀመርሽውም ያኔ ነው፣ እኔ ግን ሁለቱን አላገናኘሁም። ምግብ ትገፊ ነበር፣ ቀሚስሽ ሰፍቶብሽ ነበር፣ ጾሙ ነው አልሽኝ፤ ጾሙ ካለቀ በኋላም ጾሙ ነው አልሽኝ። ጠዋት ስነሳ አንድ ጣሳ ከመስኮቱ ላይ ጎድሏል፣ ከሰዓት ሌላው ይጎድላል። ቤቱን አራቆትሽው ብዬ ጮኽኩብሽ። በዝተዋል፣ ተጨናንቀዋል፣ አየር አያገኙም ብለሽ መለስሽልኝ። እኔም መኪናዬን አስነስቼ ወሰድኩሽ። ሄይዋርድ ወሰድኩሽ፣ እዚሁ ኦክላንድ ውስጥ ከቤት ቤት አዞርኩሽ፣ ሳን ሆዜ ድረስ ወሰድኩሽ። ጣሳዋን ጭንሽ ላይ አስቀምጠሽ፣ በሁለት እጅሽ እንደ ሕፃን አቅፈሻት ትሄጃለሽ፣ በየመታጠፊያው ቀስ በል ትይኛለሽ። በሩ ጋ ስንደርስ "አንተ እዚሁ ጠብቀኝ፣ መቆሚያ የለም፣ አሁን እመጣለሁ" ብለሽ ትወርጃለሽ። አሁን አትመጪም ነበር። እኔ ሬዲዮ ከፍቼ፣ የምትጠፊበትን ጊዜ እየረገምኩ እጠብቃለሁ። ስትመለሺ ዓይንሽ ቀልቷል። ምን ሆነሽ ስልሽ፣ ሽንኩርት ስትከትፍ ደረስኩ ትይኛለሽ። በየሄድሽበት ቤት ሁሉ ሽንኩርት ሲከተፍ ነበር የምትደርሺው፣ እኔ ሞኙም አንድ ቀን አልጠረጠርኩም።

ሐኪም ቤት የምትሄጅው ደግሞ ከቤዛ ጋር ነበር። ሾፒንግ ትወስደኛለች ብለሽኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የማላውቀውን ሰው ሻንጣውን ተሸክሜ፣ አውሮፕላን እንዳያመልጠው እየተጣደፍኩ አድርሻለሁ። የገዛ ሚስቴን ሐኪም ዘንድ የማደርስ ሰው ግን አልሆንኩም። ሰው ስትሰናበች ብቻ ነው ሾፌርሽ ያደረግሽኝ።

ሲብስብሽ በድንገት ነው የመሰለኝ። አልጋ ይዘሽ፣ እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ፣ ሐኪሙ የማውቅ መስሎት እንደ ዋዛ ነገረኝ፤ ያለፈውን የሕክምናሽን ወራት እየቆጠረ፣ ከእንግዲህ የሚደረግ ነገር የለም አለኝ። ወደ ቤዛ ዞርኩ። ቤዛ መሬቱን ታያለች። "እማዬ ናት እንዳትነግሪው ያለችኝ" አለችኝ። አንቺ ዘንድ ስገባ ነቅተሽ ነበር፣ ዓይኔን ስታዪው ማወቄን አወቅሽ፣ እጄን ጨበጥሽኝ። ያን ጊዜ የምቆጣበት ጊዜ አልነበረም፤ ለዚህ ነው አሁን የምቆጣው።

ከዚያ ለቅሶው መጣ። ሶፋው ወጣ፣ ወንበር ገባ፣ እኔን ፍራሽ ላይ አስቀመጡኝ። ሐዘንተኛ አይነሳም፣ አይሠራም፣ እጁ ውሃ አይነካም። ሕዝቡን አላማም፤ ከየትም ከየትም መጥቶ አበላን፣ አጠጣን፣ ቤቱን ጠረገ፣ ዕቃውን አጠበ። ሰው ለሰው ዘመዱ ነው፣ እኛ አገር ጎድለን በሰው አልጎደልንም። ግን መስኮቱ ላይ የቀሩትን ተክሎችሽን አዩ። "ስንዱ የምትወዳቸው፣ አይድረቁባት" ብለው አጠጧቸው። ከላይ። ጠዋት የመጣው ያጠጣል፣ ከሰዓት የመጣው ያጠጣል፣ ከሥራ ወጥቶ የመጣውም ጫማውን ከማውለቁ በፊት ያጠጣል። አንዱ በታሸገ ውሃ፣ ሌላው ለብ አድርጎ። አንዷ ደግሞ አቧራ ነው ብላ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ በእርጥብ ጨርቅ ወለወለቻቸው። እኔ ፍራሼ ላይ ሆኜ ተዉት አልኩ። ከላይ አይጠጣም አልኩ። "እሺ ጋሼ፣ አይዞዎት፣ ይበርቱ" እያሉ ትከሻዬን ያቅፉኛል። የሚሰማኝ ጠፍቶ አንዴ ጮኽኩ፤ ውሃ አታፍስሱባቸው፣ ትገድሏቸዋላችሁ ብዬ። ቀጥሎ የተቀመጠው ሁሉ አብሮኝ አለቀሰ፤ አንቺን እየጠራሁ መስሏቸው ነው። ያልቅሱ፣ አልከለክላቸውም። ለቅሶው ሲያልቅና ሰው ሲበተን ግን ከመስኮቱ ላይ አንድም የቆመ አልነበረም። መሐላቸው ለስልሶ፣ ቡናማ ሆኖ፣ ሲነኩት እጅ ላይ ይቀር ነበር።

አንድ ብቻ ተስፋ አድርጌ ነበር። ሐኪም ቤት ከመግባትሽ በፊት አንዲት ቅጠል ቆርጠሽ፣ ቀብረሽ፣ ከድነሽ፣ የወጥ ቤቱ መስኮት ላይ አኑረሽ "ይቺን እንዳትነካት" ብለሽኝ ነበር። ለይተሽ ያስቀመጥሻት እሷን ብቻ ነው። ለእኔ ነበረች? ልትነግሪኝ ትችይ ነበር። የማን እንደሆነች ሳትነግሪኝ ሄድሽ፣ እኔ የእኔ ናት ብዬ ወሰንኩ። ከፍራሹ ተነስቼ ወጥ ቤት ስገባ መስኮቱ ጸድቷል፣ ያብለጨልጫል። አንዷ ደግ ሴት ዕቃ ስታጥብ የፕላስቲክ ክዳን አይታ ቆሻሻ መስሏት ጥላዋለች። ቆሻሻውም በዚያኑ ጠዋት ተወስዷል።

ይህም ይሁን ብዬ ነበር። ይህን ሁሉ ዋጥ አድርጌ አርባሽን አውጥቼ ነበር። ያፈነዳኝ የሄይዋርዷ ጓደኛሽ፣ እትዬ ለተብርሃን ናት። ከአሥመራ ወጥታ፣ እንደኛው በሱዳን ዞራ፣ ካንቺ ጋር ስንት ዘመን ቢሮ ያጸዳች ሴት ናት፣ እህትሽ ማለት ናት። ላመሰግናት ሄድኩ። ሻይ አቀረበችልኝ። ከቴሌቪዥኑ ጎን ያንቺ ቫዮሌት አበባ ተሸክማ ተቀምጣለች። እሷን ሳይ ደስ ብሎኝ አድጋለች አልኳት። ለተብርሃን እንባዋ መጣ። "ይቺን ይዛልኝ መጥታ የነገረችኝ ቀን፣ እኔ ነኝ የጮኽኩት፣ እሷ ናት ያባበለችኝ፣ ጋሽ ታደሰ። 'ቀስ በይ፣ ታደሰ ውጭ መኪና ውስጥ ነው፣ እንዳይሰማ' አለችኝ" አለች። ሻዩን አስቀመጥኩት። ይህን ተክል የሰጠቻቸው ሁሉ ያውቁ ነበር ወይ አልኳት። "ኋላ የነገረችዎት መስሎኝ እኮ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ" አለችኝ። ጣሳውን ብድግ አድርጋ ይውሰዱት፣ የእርስዎ ነው አለችኝ። አልወሰድኩም። እንዴት አድርጌ እወስደዋለሁ? እሱ እኮ ለእሷ የተሰጠ ነው፣ ከወሬው ጋር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰው ቤት መሄድ አልቻልኩም። ስሄድ ዓይኔ መስኮት መስኮት ነው የሚያየው። የዲያቆኑ ቤት አለች። የእቁብ ጸሐፊዋ ቤት አለች። ጸጉር የምትሠሪበት ቤት ሳይቀር፣ መስታወቱ ሥር፣ ከማበጠሪያዎቹ ጎን አለች። እዚያ ሁሉ ቤት አንቺ ተቀምጠሽ ተናግረሻል፣ እዚያ ሁሉ ቤት ተለቅሷል፣ እኔ ውጭ ነበርኩ። ያን ሰሞን ሰላም የሚሉኝ ሁሉ እጄን ይዘው ጠበቅ የሚያደርጉት ለምን እንደነበር አሁን ገባኝ። የማውቀው ሰው ሁሉ፣ ከንፈሩን እየመጠጠ፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው ሲያየኝ ከርሟል።

ባህላችን ነው ይሉኛል። ባህሉን አውቀዋለሁ። ሩቅ አገር ሰው ሲሞት መርዶ ተደብቆ ይቆያል፣ ሰው ተሰብስቦ በጠዋት በር ይንኳኳል፣ ሰውዬው ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ። ይህን የሠራ አእምሮ ደግ አእምሮ ነው። ግን አንድ ትራስ ላይ አብራው ከምትተኛው ባሏ፣ እየሞተች ያለችው ራሷ፣ ሞቷን የምትደብቅበት ባህል የማን አገር ነው? እናትሽም እንዲህ አላደረገች፣ እናቴም እንዲህ አላደረገች። ለተብርሃን እንደነገረችኝ፣ "አይችለውም፣ ይናደዳል፣ ከሐኪም ጋር ይጣላል" ብለሽ ነበር። አዎ፣ እናደድ ነበር። ከሐኪም ጋርም እጣላ ነበር። ተጣልቼ ሲያልቅ ግን አጠገብሽ እቀመጥ ነበር። ሽንኩርት ነው ሳትይኝ አብረሽኝ ታለቅሺ ነበር። ያን ጊዜ ነው የወሰድሽብኝ፣ ስንዱ። ሞትሽን እግዜር ነው ያደረገው፣ ከእሱ ጋር ሒሳቤን ለብቻው እተሳሰባለሁ። እነዚያን ወራት ግን የወሰድሽብኝ አንቺ ነሽ።

ከቤዛም ጋር ተጣላሁ። በስልክ ነው፣ ክፉ ቃል ተናገርኳት። "አባዬ፣ እማዬ ፕሮሚስ አስገባችኝ። ዋት ዋዝ አይ ሰፖዝድ ቱ ዱ? ምን ማድረግ ነበረብኝ?" ብላ አለቀሰች። ልጅ ናት፣ እናቷ ያለቻትን ነው ያደረገችው፣ ይህን አውቃለሁ። እያወቅሁ ስልኩን ዘጋሁባት። ከዚያ በኋላ ስትደውል አላነሳም፣ መልእክት ትተዋለች፣ "አባዬ በልተሃል? ፕሊስ ኮል አድርግልኝ" ትላለች፣ እሰማዋለሁ፣ አልመልስም። ለመቆጣት ከመሞትሽ በፊት ጊዜ አልሰጣችሁኝም፤ አሁን በገዛ ጊዜዬ እቆጣለሁ እል ነበር።

ግን መስኮቱ አላስቀመጠኝም። ባዶነቱ ሲሰለቸኝ ከግሮሰሪ አንዲት ቫዮሌት ገዛሁ። ሐምራዊ፣ ጤነኛ፣ ያንቺን የምትመስል። አምጥቼ አስቀመጥኳት። በሳህን አጠጣኋት። ቁጭ ብዬ ሳያት ሳሎኔ ውስጥ የማላውቃት ሴት የተቀመጠች መሰለኝ፤ ለባለ ውሻው ጎረቤት ሰጠኋት። ያንቺን ነው የምፈልገው። ካንቺ እጅ የወጣውን፣ ከዚያች ከመጀመሪያዋ የኩፐርቲኖ ቅጠል የተወለደውን። በሕይወት ያለ፣ አንቺ የነካሽው ነገር ቤቴ ውስጥ አንድ እንኳ እንዲኖር ነው የምፈልገው፤ ልብስሽ አይበቅልም፣ ፎቶሽ አይበቅልም። ያ ደግሞ ያለው በእነሱ ቤት ነው፣ በሚያውቁት ቤት። ሄጄ አንድ ቅጠል ስጡኝ ማለት ነበረብኝ። ስጡኝ ማለት ደግሞ ይሁን፣ ምንም አይደለም፣ ደግ አደረጋችሁ ማለት መሰለኝ። አፌ እምቢ አለ።

ከዚያ የሙት ዓመትሽ ነገር መጣና ግድ ሆኖብኝ ሳን ሆዜ ሄድኩ። ቤዛ በሩን ስትከፍት ከስታ አገኘኋት። ስለ አዳራሹ ልናወራ ነው የመጣሁት አልኳት፣ እሺ አባዬ አለችኝ። ወጥ ቤቷ ውስጥ አስቀመጠችኝ። መስኮቷ ላይ ደግሞ እሷ አለች፣ የሁሉም እናት፣ ከመጀመሪያዋ ቅጠል የወጣችው የመጀመሪያዋ ተክል። ለቤዛ እሷን ነበር የሰጠሻት። ሰፍታ ሳህኗን ሸፍናዋለች። ቤዛ እያወራችኝ ብድግ ብላ ሳህኑ ላይ ውሃ አፈሰሰች፣ ትንሽ ጠበቀች፣ የተረፈውን ደፋች። ልክ እንዳንቺ። ልነሳና ልሄድ ፈልጌ ነበር፣ ግን ተቀመጥኩ።

በሚቀጥለው እሑድም ሄድኩ። በሚቀጥለውም። ስለ አዳራሹ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ቄሱ እናወራለን፣ ስለ ሌላ አናወራም። እኔ ሁልጊዜ ያቺኑ ወንበር፣ ከመስኮቱ አጠገብ ያለችውን እይዛለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቅጠል እስኪወድቅ ነበር የምጠብቀው። ሕጉ ያንቺ ነው፤ የወደቀ የማንም አይደለም። የወደቀውን ባነሳ ማንንም አልለመንኩም፣ ማንንም ይቅር አላልኩም፣ ምንም አልተነጋገርንም ማለት ነው። ያቺ ተክል ግን ጤነኛ ናት፣ የቤዛ እጅ ጥሩ ነው፣ ምንም አትጥልም። አንድ እሑድ በክርኔ ነካ ላደርጋት ቃጣኝ። ተውኩት። ያን ካንቺ ፊት ቆሜ የምከራከርበት አፍ የለኝም። ቤዛ ያለፈችበት ሁሉ ትመለከተኝ ነበር፣ እኔ ያላየችኝ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው እሑድ ቡናዬን ልቀበል ቀና ስል ወለሉ ላይ፣ ከወንበሬ እግር አጠገብ፣ ቅጠል ወድቃለች። ቤዛን አየኋት፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ዕቃ ታጥባለች። ጎንበስ ብዬ አነሳኋት። ትኩስ ናት፣ ጠጉሯ ልስልስ ያለ፣ እንከን የሌላት። አገላብጬ እግሯን አየሁት። ተሰብራ የወደቀች ቅጠል እግሯ ይተለተላል፣ ስንት ጊዜ አሳይተሽኛል። የዚች እግር ጥርት ብሎ በሰያፍ ተቆርጧል። እንደ ወረቀት፣ በምላጭ። ጠረጴዛው ዳር ላይ ደግሞ ማንም ያልተጠቀመበት፣ ታጥፎ የራሰ ናፕኪን ተቀምጧል። ቤዛን ደግሜ አየኋት። የምታጥበው ሰሃን ንጹሕ ነበር።

ደሜ ፈላ። ደግሞ ተሞኘሁ አልኩ። እናትና ልጅ ሆናችሁ፣ አንዳችሁ ከመቃብር፣ አንዳችሁ ከዕቃ ማጠቢያው፣ እኔን ሳትነግሩ መንከባከብ ሥራ አድርጋችሁ ያዛችሁት አልኩ በልቤ። ልነሳ ነበር፣ ቅጠሏን ጠረጴዛው ላይ ጥዬ፣ ይህን ነገር ለእናትሽ ተዪው ልል ነበር። ከዚያ ሰያፉን እንደገና አየሁት። ያ ያንቺ እጅ ነው። ለእኔ ስንት ጊዜ ነግረሽኝ ጋዜጣ ሳነብ ያመለጠኝን፣ እሷ ተምራው ኖሯል። ቤዛ ሰሃኑን ማጠብ አላቆመችም፣ ትከሻዋ ግን ቆሟል፣ ትንፋሿን ይዛ ነበር። ቅጠሏን በናፕኪኑ ጠቅልዬ ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኳት። ቡናዬን ጠጣሁ። ቡናው ጥሩ ነው አልኳት። "ቴንክ ዩ፣ አባዬ" አለችኝ፣ አልዞረችም።

ከሳን ሆዜ እስከ ኦክላንድ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ነው የነዳሁት፣ በየመታጠፊያው ቀስ እያልኩ። ቤት ገብቼ የእርጎ ጣሳ ፈለግሁ፣ ነጭ ጠጠር ያለበት አፈር ገዝቼልሽ ነበር፣ ከሞትሽ ጀምሮ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ምላጭ አላስፈለገኝም፤ ተቆርጦልኛል። ቀበርኳት፣ ከደንኳት፣ የወጥ ቤቱ መስኮት ላይ፣ ያቺ የተጣለችው በነበረችበት ቦታ አኖርኳት። ትበቅል እንደሆነ አላውቅም። አሁን ዝም ብላ ቆማለች፣ አትደርቅም፣ አታድግም።

በማግስቱ ቤዛ ደወለች። አነሳሁት። ስለ አዳራሹ አወራችኝና ቆይታ፣ "ባይ ዘ ዌይ አባዬ፣ ትናንት ከፕላንቷ ቅጠል ወድቆ ነበር፣ አይተኸዋል?" አለችኝ። የምን ቅጠል? አላየሁም አልኳት። ትንፋሽ ስትስብ ሰማኋት። ትስቅ ይሁን ታልቅስ መለየት አልቻልኩም። "እሺ አባዬ፣ ወድቆ ይሆናል" አለችኝ። የሚቀጥለው እሑድ እመጣለሁ አልኳትና ዘጋሁ። አየሽ፣ እኔም ደበቅኋት። ሰው የሚወደውን ሰው የሚደብቀው እንዴት እንደሆነ አፌ ላይ ቀመስኩት፤ ጣፋጭም ነው፣ ይመራልም። ይህ ግን ላንቺ ማስተባበያ እንዳይሆንሽ፤ የእኔ ውሸት የአንዲት ቅጠል ነው፣ ያንቺ የሞትሽ ነበር።

እንግዲህ ስንዱ፣ ሙት ዓመትሽ ሲደርስ ሰው ሁሉ ከአዳራሹ ወደ ቤት ይመጣል፣ ደጎቹ እጆች ሁሉ ይመጣሉ። ያቺን ጣሳ በዚያን ቀን መኝታ ቤት አስገብቼ እቆልፍባታለሁ፣ ቁልፉን ኪሴ እይዛለሁ፣ የፈለገ ይዘንልኝ፣ ማንም ግን አያጠጣትም። አልረሳሽም። የማልረሳው ግን ደጉን ብቻ መርጬ አይደለም፤ ሳቅሽንም፣ ሽንኩርቱንም፣ መኪናው ውስጥ የጠበቅኩበትንም ሁሉ ነው። ይቅር እላለሁ ብዬ አሁን አልፈርምልሽም። ብቻ ሳህኑን እያየሁ፣ ከሥር፣ ጥቂት ጥቂት እያደረግሁ፣ የተረፈውን እየደፋሁ፣ አስታውስሻለሁ።

ባለቤትሽ ታደሰ፣
ኦክላንድ